ኮምፓይለሩ ሲያስጠነቅቅ፦ ከህዳሴው ግድብ ቁጥሮች የምንማረው

መግቢያ

ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በመተከል ዞን፣ በጉባ ወረዳ በዓባይ ወንዝ ላይ ተገንብቷል። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የዋናው ግድብ ቁመት 145 ሜትር፣ ርዝመቱ ደግሞ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚይዘው ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ሲሆን፣ 13ቱ ተርባይኖቹ በአንድነት 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው።

አንባቢያችን እነዚህን ቁጥሮች ደጋግሞ ሰምቷቸዋል። በዚህ ጽሑፍ ግን ከሌላ አቅጣጫ እንመለከታቸዋለን። ጥያቄያችን የሚከተለው ነው፦ እነዚህ ቁጥሮች በአንዲት ትንሽ ኮምፒዩተር ውስጥ ሲገቡ በቂ ቦታ ያገኛሉን? ባያገኙስ ማን ይነግረናል?

ለምሳሌ ያህል የውሃን ከፍታ የሚለካ መሣሪያ እንውሰድ። በውስጡ የጣት ጥፍር የምታህል ማይክሮኮንትሮለር አለች። ይህች ኮምፒዩተር ሰሌዳም ሆነ መስኮት የላትም፤ ከዳሳሹ የመጣውን ንባብ ተቀብላ ወደ ሜትር ትለውጣለች፣ ውጤቱን ትልካለች፣ ውሃው ከተወሰነለት መጠን ሲያልፍ ደወል ታሰማለች። እንዲህ በሌላ ዕቃ ውስጥ ተቀብሮ የሚሠራ ኮምፒዩተር «ኢምቤድድ ሲስተም» ይባላል። መሣሪያችን ለትምህርት ብለን ያሰብነው ሲሆን ከግድቡ የወሰድነው ቁጥሮቹን ብቻ ነው።

የዚህ ዓይነት መሣሪያ አንዴ ከተተከለ በኋላ ለዓመታት ያለ ጠባቂ ይሠራል። ዝናም መንገዱን ባበላሸበት በክረምቱ ወራት፣ ማለትም ንባቡ በጣም በሚፈለግበት ጊዜ፣ ስህተቱን ለማረም ወደ ስፍራው መሄድ ቀላል አይሆንም። ስለዚህ ስህተቱን መፈለግ የሚገባን መሣሪያው ገና በጠረጴዛችን ላይ ሳለ ነው። በዚህ ጊዜ ከሚያግዙን መካከል አንደኛው የኮምፓይለሩ ማስጠንቀቂያ ነው።

1. ኮምፓይለር፣ ቱልቼንና ማስጠንቀቂያ

ኮምፓይለር ማለት ሰው በሚያነበው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ለምሳሌ በሲ፣ የተጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም ነው። ለትንንሽ ኮምፒዩተሮች ፕሮግራም ስንጽፍ ኮምፓይለሩ ብቻውን አይበቃንም። ተነጣጥለው የተተረጎሙትን ፋይሎች የሚያገናኝ ሊንከር፣ የተዘጋጁ ፈንክሽኖችን የያዙ ላይብረሪዎችና ስህተት ማሰሻ ያስፈልጋሉ። እነዚህ በአንድነት «ቱልቼን» ይባላሉ። በዓለም ላይ በሰፊው ከሚሠራባቸው ኮምፓይለሮች አንዱ ጂ.ሲ.ሲ. የተባለው ነጻ ሶፍትዌር ነው።

ኮምፓይለሩ ሁለት ዓይነት መልእክት ይሰጣል። ስህተት ሲያገኝ ሥራውን ያቆማል፤ የሚጫን ፕሮግራምም አይወጣም። ማስጠንቀቂያ ሲሰጥ ግን ትርጉሙን ይፈጽማል፤ ነገር ግን «ይህ መስመር እንዳሰባችሁት ላይሆን ይችላል» ይለናል። ፕሮግራሙ ስለሚወጣና የሚሠራ ስለሚመስል ብዙ ሰው ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ያልፈዋል። ሲጠራቀም ደግሞ መቶ፣ ሁለት መቶ ይሆንና ከመካከሉ አደገኛውን መለየት ያዳግታል።

ይህ ሁኔታ ጎልቶ የሚታየው ቱልቼኑ ወደ አዲስ እትም ሲሻሻል ነው። ትናንት በጸጥታ ይተረጎም የነበረው ፕሮግራም፣ አንድም ፊደል ሳይለወጥበት፣ ዛሬ በማስጠንቀቂያ ይሞላል። በዚህ ጊዜ ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጣው «አዲሱ ኮምፓይለር ፕሮግራማችንን አበላሸው» የሚል ሐሳብ ነው። እውነታው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ስህተቱ ዱሮም ነበረ፤ አሁን ተገለጠ እንጂ አልተፈጠረም።

2. 640 ሜትር በ16 ቢት ውስጥ

ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚያስቀምጠው በተወሰኑ ቢቶች ነው። 16 ቢት የተመደበለት ባለ ምልክት ቁጥር (አሉታዊም አዎንታዊም መሆን የሚችል) ከ32,768 አሉታዊ እስከ 32,767 አዎንታዊ ድረስ ብቻ ይይዛል። ምልክት የሌለው ከሆነ ደግሞ ከ0 እስከ 65,535 ይይዛል።

መሣሪያችን በመጀመሪያ የውሃውን ከፍታ ከወንዙ ወለል ጀምሮ በሴንቲሜትር ይለካ ነበር እንበል። የግድቡ ቁመት 145 ሜትር ስለሆነ ትልቁ ንባብ 14,500 ይሆናል። ይህ በ16 ቢት ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። ከጊዜ በኋላ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ ተቆጥሮ እንዲገለጽ ተፈለገ። ሐይቁ ሲሞላ የውሃው ወለል ከባሕር ወለል በላይ 640 ሜትር፣ ማለትም 64,000 ሴንቲሜትር ነው። ፕሮግራመሩ መነሻውን ከፍታ ደመረ፤ የተለዋዋጩን ዓይነት ግን እንደነበረ ተወው።

64,000 ከ32,767 ስለሚበልጥ በባለ ምልክቱ 16 ቢት ውስጥ አይገባም። በጂ.ሲ.ሲ. የሚቀመጠው ቁጥር ከ64,000 ላይ 65,536 ተቀንሶ የሚገኘው፣ 1,536 አሉታዊ ነው። መሣሪያው እንግዲህ የሞላውን ሐይቅ «ከባሕር ወለል በታች 15 ሜትር ከ36 ሴንቲሜትር» ብሎ ይዘግባል ማለት ነው። ይህ ስህተት ቢያንስ አስቂኝ ስለሆነ ይታወቃል። የደወሉ ነገር ግን ከዚህ የከፋ ነው። ፕሮግራሙ «ከፍታው ከ64,000 ከበለጠ ደወል አሰማ» ይላል። ከ32,767 በላይ መሆን የማይችል ቁጥር ግን ከ64,000 ሊበልጥ አይችልም። ስለዚህ ደወሉ መቼም አይደውልም። የደወሉ ዝምታ ደግሞ ለተረኛው የደኅንነት ምልክት ይመስለዋል።

«ምልክት የሌለው 16 ቢት ብናደርገውስ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በጉባ 64,000 ከ65,535 ስለሚያንስ ይገባል። ነገር ግን ይኸው መሣሪያ ወደ ዓባይ መነሻ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ቢወሰድ ምን ይሆናል? የጣና ወለል ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ነው። 178,600 ሴንቲሜትር በዚህ ቦታ ሲቀመጥ 47,528 ይሆናል፤ መሣሪያውም 475 ሜትር ከ28 ሴንቲሜትር ያሳያል። ይህ ቁጥር ከአሉታዊው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ እውነት ይመስላልና።

ትክክለኛው መፍትሔ ከፍታውን በ32 ቢት ማስቀመጥ ነው። ሆኖም 32 ቢትም ለሁሉ አይበቃም። ምልክት የሌለው 32 ቢት የሚይዘው እስከ 4,294,967,295 ነው። የግድቡን 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ በዚህ ውስጥ ብናስገባ የሚቀረው 985,555,968 ብቻ ነው። አንድ ቢሊዮን እንኳ የማይሞላ ሐይቅ ሆነ ማለት ነው። ለዚህ 64 ቢት ያስፈልገናል።

በቀድሞ ስፍራው ትክክል የነበረ ፕሮግራም በአዲስ ስፍራ የሚያስከትለውን ጉዳት ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ከተነሣች አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላት ወደመች። ከአሪያን 4 የተወረሰው የአቅጣጫ መለኪያ ፕሮግራም በ64 ቢት የተቀመጠን የአስርዮሽ ቁጥር ወደ ባለ ምልክት 16 ቢት ይለውጥ ነበር። የአዲሲቱ ሮኬት ፍጥነት ከቀድሞዋ ስለሚበልጥ ቁጥሩ ከቦታው አለፈ፤ መለኪያውም ሥራውን አቆመ።

3. ኮምፓይለሩ ከዚህ ምን ያህሉን ይነግረናል?

በምሳሌያችን ሦስት የተበላሹ መስመሮች ሊኖሩ ይችላሉ። ጂ.ሲ.ሲ. በሦስቱ ላይ የሚናገረው ግን እኩል አይደለም።

የመጀመሪያው፣ 64,000 የሚለውን ቋሚ ቁጥር በቀጥታ በባለ ምልክቱ 16 ቢት ውስጥ የሚያስቀምጥ መስመር ነው። በዚህ ላይ ኮምፓይለሩ ሳይጠየቅ ያስጠነቅቃል። የቅርብ ዓመታት እትሞች የቀድሞውንና የተለወጠውን ቁጥር፣ ማለትም 64,000ንና 1,536 አሉታዊን፣ ጎን ለጎን ጽፈው ያሳያሉ።

ሁለተኛው፣ ከፍታውን ከ64,000 ጋር የሚያነጻጽረው የደወሉ መስመር ነው። «ይህ ንጽጽር ምንጊዜም ሐሰት ነው» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ለማግኘት «ደብልዩ-ኤክስትራ» የተባለውን ምርጫ መክፈት ይገባል።

ሦስተኛው፣ በ32 ቢት የተሰላን ውጤት በ16 ቢት የሚያስቀምጥ መስመር ነው። ቁጥሩ ከዳሳሹ ስለሚመጣ ኮምፓይለሩ አስቀድሞ አያውቀውም። ይህን የሚያስጠነቅቀው «ደብልዩ-ኮንቨርዥን» ነው። እዚህ ላይ ተማሪዎች ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። «ደብልዩ-ኦል» የሚባል ምርጫ አለ፤ ትርጉሙም «ሁሉንም» እንደ ማለት ነው። ነገር ግን ሁሉንም አይከፍትም። ደብልዩ-ኮንቨርዥን በደብልዩ-ኦልም በደብልዩ-ኤክስትራም ውስጥ ስለማይካተት በስሙ ተጠርቶ መከፈት አለበት።

4. አዲስ እትም ለምን ይበልጥ ይናገራል?

ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ የኮምፓይለሩ የመመርመር ችሎታ ማደጉ ነው። ሁለተኛው፣ የቋንቋው ሕግ መለወጡ ነው። ሦስተኛው፣ ዱሮ በቸልታ ይታለፍ የነበረው መከልከሉ ነው። የጂ.ሲ.ሲ. ታሪክ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው 10ኛው እትም፣ አንድ ተለዋዋጭ በብዙ ፋይሎች ውስጥ ተደጋግሞ ሲታወጅ እንደ አንድ አድርጎ የማዋሐዱን ልማድ ተወ። በጋራ ፋይል ውስጥ ተለዋዋጭ የማስቀመጥ ልማድ የነበራቸው ፕሮግራሞች በሊንከሩ ላይ ወደቁ።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 14ኛው እትም ደግሞ ያልታወጀን ፈንክሽን መጥራትን ከማስጠንቀቂያ ወደ ስህተት ከፍ አደረገው። በቀድሞው ሲ ቋንቋ ያልታወጀ ፈንክሽን ሙሉ ቁጥር እንደሚመልስ ይገመት ነበር። የዳሳሹን ቮልቴጅ ወደ ሜትር የሚለውጠው ፈንክሽናችን ግን የአስርዮሽ ቁጥር ይመልሳል። ጠሪው ፋይል ይህን ካላወቀ የሚያነበው ከእውነቱ ጋር ግንኙነት የሌለው ቁጥር ይሆናል። የሲ ቋንቋ መስፈርት ይህን ልማድ የሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር። ኮምፓይለሩ ለዓመታት በማስጠንቀቂያ ብቻ ሲታገሥ ከቆየ በኋላ በሩን ዘጋ። የዛሬ ማስጠንቀቂያ የነገ ስህተት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

አዲስ እትም ከመናገርም አልፎ የፕሮግራሙን ጠባይ ሊለውጥ ይችላል። ግድቡ 13 ተርባይኖች አሉት፤ 11ዱ እያንዳንዳቸው 400፣ 2ቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው 375 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። የ13ቱን ንባብ በአንድ ዝርዝር ብናስቀምጥ በሲ ቋንቋ ተራ ቁጥራቸው ከ0 እስከ 12 ነው። አንድ ጀማሪ «እስከ 13 ድረስ፣ 13ን ጨምሮ» ብሎ ቢጽፍ የሌለ 14ኛ ተርባይን ይነበባል። በቀድሞ ኮምፓይለር ይህ ምናልባት ከዝርዝሩ ቀጥሎ ያለውን የሜሞሪ ቦታ አንብቦ ያልፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የጂ.ሲ.ሲ. 4.8 እትም ግን «ፕሮግራሙ ሕግ ጠባቂ ከሆነ ይህ ዙር ከ13 ጊዜ በላይ ሊዞር አይችልም» ብሎ መደምደም ጀመረ። ስለዚህም የማቆሚያውን ፍተሻ አላስፈላጊ አድርጎ ሊያስወግደው ይችላል፤ ዙሩም ማብቂያ ያጣል። ዱሮ በዕድል ይሠራ የነበረው ፕሮግራም አሁን ይቆማል። ጥፋቱ ግን ከመጀመሪያውም የጸሐፊው ነበር።

5. ማስጠንቀቂያን ዝም ማሰኘትና ስህተትን ማረም

ማስጠንቀቂያ ሲበዛ ፈጣኑ መንገድ ዝም ማሰኘት ነው። በምሳሌያችን 64,000 ከሚለው ቁጥር ፊት «ይህን ወደ 16 ቢት ለውጠው» የሚል ግልጽ ትእዛዝ ብንጽፍ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ወዲያውኑ ይጠፋል። በሜሞሪው ውስጥ የሚቀመጠው ግን ያው 1,536 አሉታዊ ነው። ለኮምፓይለሩ የነገርነው «ዐውቄ ነው ያደረግሁት» የሚል ቃል ሲሆን፣ እኛ ግን አላወቅንም።

ይህ ስንፍና ምን ያህል ሊያስከፍል እንደሚችል የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ውስጥ ኦፕን-ኤስ.ኤስ.ኤል. ከተባለው የምስጢር መጠበቂያ ላይብረሪ ሁለት መስመሮች ተነሡ። ምክንያቱ ቫልግራይንድ የተባለው መመርመሪያ «መነሻ እሴት ያልተሰጠው ሜሞሪ ይነበባል» እያለ ማስጠንቀቁ ነበር። ማስጠንቀቂያው ጠፋ። ነገር ግን ከተነሡት መስመሮች አንደኛው የምስጢር ቁልፎች የሚሠሩበትን የዘፈቀደ ቁጥር የሚያደባልቀው ነበር። ከዚያ በኋላ ቁልፎቹን የሚለያያቸው ከ32,768 የማይበልጥ የሂደት መለያ ቁጥር ብቻ ሆነ፤ ይህን ያህሉን አንድ በአንድ መሞከር ለኮምፒዩተር ቀላል ነው። ነገሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 ነው። በዚህ ታሪክ ያስጠነቀቀው ኮምፓይለሩ ሳይሆን ሌላ መመርመሪያ ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ምክንያቱን ሳንረዳ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ማስወገድ የለብንም።

6. የሥራው ቅደም ተከተል

ቱልቼን ስናሻሽል የሚከተለውን ቅደም ተከተል እንድንይዝ እንመክራለን።

ሀ) ከመጀመር በፊት የቀድሞውን ሁኔታ መዝግቦ መያዝ። የኮምፓይለሩ እትም፣ የተመረጡት ትእዛዞች፣ የማስጠንቀቂያዎቹ ብዛትና የወጣው ፕሮግራም በሙሉ ይቀመጡ። ችግር ቢፈጠር የምንመለስበት መሬት ይህ ነው።

ለ) በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ። ኮምፓይለሩንና ፕሮግራሙን በአንድ ቀን ከለወጥን ጥፋቱ የየትኛው እንደሆነ አናውቅም።

ሐ) ማስጠንቀቂያዎቹን ሁሉ በፋይል ሰብስቦ በዓይነታቸው መደርደር። ሁለት መቶ ማስጠንቀቂያ ሲደረደር አብዛኛውን ጊዜ ዓይነቱ ጥቂት ብቻ ሆኖ ይገኛል።

መ) በአደገኛነታቸው ማስቀደም። ቁጥርን የሚለውጡ፣ ከዝርዝር ውጭ የሚያነቡና መነሻ እሴት የሌላቸውን የሚጠቀሙ ይቅደሙ። ምንጊዜም እውነት ወይም ሐሰት የሆኑ ንጽጽሮች ይከተሉ። ያልተሠራባቸው ተለዋዋጮችና የመሳሰሉት በመጨረሻ ይምጡ። ቢሆንም «ያልተሠራበት» የተባለው ተለዋዋጭ አንዳንድ ጊዜ የተረሳ ስሌት ምልክት ሊሆን ስለሚችል ሳያነቡ መሰረዝ አይገባም።

ሠ) አንድ ዓይነት በአንድ ጊዜ ማረምና ከእያንዳንዱ እርማት በኋላ መፈተን። ለከፍታ መለኪያችን መፈተኛ የሚሆኑት 32,767፣ 32,768፣ 64,000፣ 65,535ና 65,536 ናቸው። ስህተት የሚገኘው በወሰኑ ላይ ነውና።

ረ) ማስጠንቀቂያው በእርግጥ ያለ ቦታው የመጣ ከሆነ፣ በዚያ መስመር ላይ ብቻ መዝጋትና ምክንያቱን በአስተያየት መጻፍ። ለፕሮግራሙ በሙሉ መዝጋት የሚመጣውን እውነተኛ ማስጠንቀቂያም አብሮ ይሸፍናል። ከቺፕ አምራቹ የመጡ ፋይሎች የሚያሰሙት ማስጠንቀቂያም ከራሳችን ጋር እንዳይደባለቅ ለብቻው ይያዝ።

ሰ) ማስጠንቀቂያዎቹ ሲያልቁ፣ ማንኛውም አዲስ ማስጠንቀቂያ እንደ ስህተት እንዲቆጠር ማዘዝ። ይህ «ደብልዩ-ኤረር» ይባላል። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እንደገና እየተጠራቀመ አያድግም።

7. ኮምፓይለሩ የማይነግረን

ማስጠንቀቂያ አለመኖሩ ግን የትክክለኛነት ማረጋገጫ አይደለም። ሁለት ምሳሌዎችን እንጥቀስ።

በመሣሪያችን ውስጥ ያለው ሰዓት ቆጣሪ የንባብ ጊዜ ሲደርስ በሜሞሪ ላይ ምልክት ያኖራል፤ ዋናው ፕሮግራም ምልክቱን እየጠበቀ ይዞራል። ኮምፓይለሩ በዙሩ ውስጥ ምልክቱን የሚለውጥ ምንም ስለማያይ አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ ለዘላለም ሊዞር ይችላል። ይህን ለመከላከል ተለዋዋጩ «ቮላታይል»፣ ማለትም «ከውጭ ሊለወጥ የሚችል»፣ ተብሎ መታወጅ አለበት። ይህ ቢረሳ ኮምፓይለሩ አያስጠነቅቅም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለ ሥልጣን በቦይንግ 787 አውሮፕላኖች ላይ መመሪያ አወጣ። የጄኔሬተር መቆጣጠሪያዎቹ ሳይጠፉ 248 ቀናት ከቆዩ በውስጣቸው ያለው ቆጣሪ ከልኩ ያልፍና ጄኔሬተሮቹ ሊቆሙ ይችሉ ነበር። ባለ ምልክት 32 ቢት ቁጥር የሰከንድ መቶኛዎችን ቢቆጥር የሚሞላው ከ248 ቀናት ጥቂት አልፎ ነው። በመስክ የተተከለ መለኪያም ከክረምት እስከ ክረምት ስለሚሠራ ከዚህ ቁጥር በላይ ይቆያል። ይህን የሚገልጥልን ማሰብና መፈተን ብቻ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ እንዳየነው፣ ቱልቼን ሲሻሻል የሚታየው ማስጠንቀቂያ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ስለነበረ ጉድለት የሚነገር ዘግይቶ የደረሰ ወሬ ነው። ስለዚህ በቁጥሩ ብዛት ከመበሳጨት ይልቅ ማንበብ፣ መደርደር፣ ምክንያቱን መረዳትና ማረም ይገባል። አገራችን ግድቦችን፣ የኃይል ማስተላለፊያዎችንና የመስኖ አውታሮችን እያስፋፋች በሄደች ቁጥር በውስጣቸው የሚቀበሩት ትንንሽ ኮምፒዩተሮች ይበዛሉ፤ የሚጽፉላቸውም የዛሬ ተማሪዎች ናቸው።

መልመጃ፦ የግድቡን ሙሉ የማመንጨት አቅም፣ 5,150 ሜጋ ዋት፣ በዋት ለውጡና ምልክት በሌለው 32 ቢት ውስጥ ብታስቀምጡት ምን ያህል እንደሚቀር አስሉ።

መልስ፦ 855,032,704 ዋት፣ ማለትም 855 ሜጋ ዋት ገደማ ነው። ከ13ቱ ተርባይኖች ሁለቱ ብቻ ቢሠሩ ከሚገኘው ኃይል ጥቂት ከፍ ያለ ስለሆነ ተረኛው «ዛሬ የሚሠሩት ተርባይኖች ጥቂት ናቸው» ብሎ ሊቀበለው ይችላል። ስህተት መሆኑን ከቁጥሩ ብቻ መለየት አይቻልም።